ከላይ የተሰጠን ክፍል

አሰላ ውስጥ መጀመሪያ የተሠራው ትልቁ የቢሮ ፎቅ ሊፍት አለው ብለው የሚከራከሩኝ ሰዎች አሁንም አሉ። የለውም። ያለው የሊፍት በር ነው። በየፎቁ የሚያብረቀርቅ የብረት በር ተገጥሟል፤ ከበሩ ጎን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመለክቱ መጫኛዎች አሉ፤ ከበሩ ኋላ ግን ከምድር እስከ ጣሪያ ባዶ ነው፤ እርግብ ይፈለፈልበታል። ከሮቤ ወይም ከአርቦዬ ለጉዳይ የመጣ ሰው መጫኛውን ተጭኖ፣ ባርኔጣውን አስተካክሎ፣ በትዕግሥት ቆሞ ይጠብቃል። የበሩ ጥበቃ ደግሞ ከወንበሩ ሳይነሳ «ጅቡቲ ደርሷል፣ ትንሽ ይታገሡ» ይለዋል። ይህን ቀልድ ለዓመታት ሰምቼዋለሁ፤ አንድም ቀን አላሳቀኝም። ባለቤቴን ግን ሁልጊዜ ያስቀው ነበር።

ባለቤቴ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ስለ ፎቁ መጻፍ የጀመርኩት ስለ እሱ ልጽፍ ስል እጄ አልሄድ ስላለኝ ነው። ስለ እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ቀኑን ሙሉ ሳየው እውላለሁ። ስለ ፎቁ ስጽፍ ግን እናደዳለሁ፤ ስናደድ ደግሞ እጄ ይፈታል።

ቦታው ላይ ቀድሞ የነበረው የእህል መጋዘን ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ በገበያ ቀን በሩ ላይ ቆመው የሚያንቀላፉ አህዮች። ባለቤቱ የስንዴ ነጋዴ ናቸው፤ ከተማው በሙሉ «ሐጂ» ብሎ ነው የሚጠራቸው፣ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ሐጂ መጋዘኑን አፍርሰው ጂ ፕላስ ፎር ሊሠሩ ነው ሲባል ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ አይቆምም አለ፤ ግማሹ ቢቆምም ማን ሊወጣበት ነው አለ። ባለቤቴ ከሁለቱም አልሆነም። እሱ ቆሞ ማየት ብቻ ነው የፈለገው።

ያኔ ከእርሻ መሥሪያ ቤት ጡረታ ከወጣ ብዙም አልቆየም። ዕድሜውን ሙሉ ገጠር ለገጠር ሲዞር የኖረ ሰው ቤት ውስጥ መዋል አቃተው፤ ፎቁ ሥራ ሆነለት። ጠዋት ቁርሱን በልቶ ይወጣል፣ ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ግንበኞቹን ይመለከታል። ሕንፃው ዙሪያውን በባሕር ዛፍ መወጣጫ ተከቦ ነበር፤ ወጌሻ ያሰረው ስብራት ነበር የሚመስለው። ቀን ሠራተኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው በባሬላ አርማታ ተሸክመው በዚያ በሚወዛወዝ እንጨት ላይ ሲወጡ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን እጨፍን ነበር። እሱ ግን ማታ ጫማው ላይ ሲሚንቶ ይዞብኝ ይገባና «ዛሬ ሦስተኛውን ሞላነው» ይለኛል።

«ሞላነው? አንተ ምን ሞላህ?»

«ተመለከትኩ። የሚመለከት ሰው ሲኖር በደንብ ይሞላሉ።»

ፕላኑ አዳማ ከተሠራ ሕንፃ የተወሰደ ነው አሉ። ይህ እውነት መሆኑን የተረዳነው ገብተን ከተቀመጥንበት በኋላ ነው። አዳማ ሙቀት ነው፤ እዚያ ሰፋፊ መስኮት፣ ነፋስ የሚያሳልፍ መተላለፊያ፣ ፀሐይ የማይነካው ፊት ያስፈልጋል። እኛ ከጭላሎ ተራራ ሥር ነን። ሰኔ ሲገባ ጭጋጉ በር አንኳኩቶ እንደሚገባ ሰው ቤት ውስጥ ድረስ ይመጣል። ለእንዲህ ያለ ከተማ ነፋስ በሁሉም በኩል እንዲገባ ተደርጎ የተሠራ ፎቅ! «ነፋሻ ነው» ብለው ሲያሞግሱት የነበሩትን ሰዎች ስም አልጠራም፤ አንደኛው ባለቤቴ ነው።

የምረቃው ዕለት ሐጂ ድምፅ ማጉያውን ይዘው ፎቅ ፎቁን አደሉ። ምድር ቤቱ ለሱቆች፣ አንደኛው ለባንክ፣ ሁለተኛው ለኢንሹራንስ፣ ሦስተኛው ለጠበቆችና ለኮምፒዩተር ትምህርት ቤት ሆነ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እኛ ዞሩ። እኛ ማለት የከተማው ጡረተኞች ማኅበር ነን። እኔ መምህርት ነበርኩ፤ ባለቤቴ ሊቀ መንበሩ ነበር፤ እስከዚያን ቀን ድረስ የምንሰበሰበው በሰው ግቢ ዛፍ ሥር ነበር።

«ለአዛውንቶቻችን አንድ ክፍል በነፃ ሰጥቻለሁ» አሉ ሐጂ። «ከሥር አስቀምጬ፣ ልጆች በጫማ በራሳቸው ላይ ሲረማመዱ ማየት አልችልም። አላህ ይጠብቀኝ! የታላቅ ቦታ ከላይ ነው። አራተኛ ፎቅ የእነሱ ነው።»

እልልታው ቀለጠ። የማኅበሩ ምክትል፣ የፍርድ ቤት ጡረተኛው፣ ዕንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ከጎኔ የተቀመጡት ዕድሜያቸውን ሙሉ በነርስነት ያገለገሉት ሲስተር ነበሩ፤ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«የኔ እመቤት፣ ይሄስ ጉልበት?»

«ሊፍት አለው አሉ።»

«የት አለ?»

«ጅቡቲ።»

ያኔ ገና ቀልድ አልነበረም። እውነተኛ መልስ ነበር።

ይህ ስሕተት ሌላ አገር የሚሠራ አይመስለኝም። እኛ ጋ ሰው ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ግብግብ የመቀመጫ ነው። አስተናጋጁ «ወደ ላይ፣ ወደ ላይ!» ይላል፤ እንግዳው «ኧረ እዚሁ ይበቃኛል» ይላል፤ ክንድ ይያዛል፣ ይጎተታል፣ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ይታገላሉ። በመጨረሻ እንግዳው ይሸነፍና ከላይ ይቀመጣል። አንዴ ከተቀመጠ በኋላ ግን «እዚህ ብርድ ገባኝ፣ ታች ልውረድ» አይባልም። ባለቤቱን ማዋረድ ነው። ሐጂ ያንን የሳሎን ሥርዓት ወስደው አምስት እርከን ባለው ሕንፃ ላይ ሠሩበት። ለመውጣት በጣም የሚቸገሩት ሰዎች ከሁሉም በላይ ተቀመጡ፤ ለዚያውም አመስግነው።

ባለቤቴ የዚያን ዕለት እንደ ወጣት እየተራመደ ነበር ወደ ቤት የገባው። «ከሁሉም በላይ አደረጉን!» አለኝ።

«ማን ነው የሚሸከማችሁ?»

«ሊፍቱ ይደርሳል።»

«እናንተስ እስከዚያ ትደርሳላችሁ?»

«አንቺ ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ» አለና ጫማውን ሊያወልቅ ተቀመጠ። እውነቱን ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ።

ሊፍቱ ጅቡቲ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደረሰ ተባለና ባለቤቴ ደስ ብሎት ሰፈሩን አዳረሰ። ከዚያ ሞጆ የደረሰው የሌላ ሰው ሊፍት ነው ተባለ። ከዚያ ዶላር ጠፋ፣ ከዚያ መብራቱ አይችለውም ተባለ፣ ከዚያ ማንም ምንም አላለም። እኛ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ወጣን። ደረጃውን ቆጥሬው አላውቅም፤ መቁጠሩ ራሱ ያናድዳል። ላይ ስንደርስ ጭላሎ ያንን ነፋሱን በሰፊው መስኮት ይልክብናል። ጋቢ ላይ ካፖርት፣ ካፖርት ላይ የሱፍ ኮፍያ ደርበን ነው የምንሰበሰበው። የስብሰባው ግማሽ ትንፋሽ በመሰብሰብ ያልቃል። ሲስተር በመጀመሪያው ክረምት ቀሩ። «ጉልበቴ እንቢ አለኝ፣ ለሐጂ ግን አሞኛል በሉልኝ» አሉ። ጉልበታቸውን መውቀስ የሐጂን ደረጃ መውቀስ እንዳይሆንባቸው ፈርተው ነው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ከማክሰኞ ውጭ የሚሄዱበት ቦታ አልነበራቸውም።

ከዚያ የባለቤቴ ልብ መድከም ጀመረ። ሐኪሙ ደረጃ እንዲቀንስ ነገረው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀራል። እሱ ከቤታችን በረንዳ ላይ ያለውን አግዳሚ ወንበር በባጃጅ አስጭኖ ወሰደና ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው በሚወጣው ደረጃ ማረፊያ ላይ አስቀመጠው። «ሐኪሙ ቀንስ ነው ያለኝ፣ ተው አላለኝም» አለኝ። እዚያ ያርፋል፣ ከዚያ ይወጣል ተባለ። ትንሽ ቆይቶ እዚያ አርፎ እዚያው መቅረት ጀመረ። ሌሎቹም ከላይ እየወረዱ፣ ከታች እየወጡ እሱ ጋ መሰብሰብ ጀመሩ። የጡረተኞች ማኅበር ቢሮ አራተኛ ፎቅ ነው የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ከውጭ ተሰቅሎ፣ ቢሮው ደረጃ ላይ ነበር።

ያ ማረፊያ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። አንድ አዛውንት ከታች ብቅ ሲሉ የተቀመጡት ሁሉ ይነሳሉ።

«ኖር!»

«በእግዜር! ኧረ አትነሱ፣ በሞቴ!»

«ኧረ ይቀመጡ፣ ወዲህ!»

«ኧረ እኔ ቆሜ ይሻለኛል።»

ከኋላቸው የኢንሹራንስ ጸሐፊዋ ለጠበቆቹ የምታደርሰውን ፋይል ታቅፋ ትቆማለች፤ ከእሷ ኋላ ጠበቃው ሰዓቱን ያያል፤ ከእሱ ኋላ የኮምፒዩተር ተማሪዎቹ። ማንም አይገፋም። ማንም አያልፍም። ጎንበስ ብሎ፣ ሁሉንም ሰላም ብሎ፣ የጤናና የልጆች ጥያቄ መልሶ ነው የሚታለፈው። ጠበቃው አንድ ቀን «ጋሼ፣ ደንበኞቼ ፍርድ ቤት ቶሎ ይደርሳሉ፣ እኔ ጋ ለመድረስ ነው የሚቸገሩት» አለው ለባለቤቴ። ባለቤቴ ሳቀና ጠበቃውን ከጎኑ አስቀመጠው። እኔ አልሳቅኩም። እኔ የማየው የከንፈሩን ቀለም ነበር።

«ሐጂን ለምን ታች ስጡን አትላቸውም?» እለዋለሁ።

«ሰው ክብር ብሎ ከላይ ሲያስቀምጥሽ?»

«ክብሩን ይዞ ታች መቀመጥ አይቻልም?»

«በሚቀጥለው ማክሰኞ አነሳዋለሁ።»

ማክሰኞዎቹ መጥተው ሄዱ። አላነሳውም። ይሉኝታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ይሉኝታ ብቻ አልነበረም። የላይኛውን ክፍል ይወደው ነበር። ሰማዩ ሲጠራ ከዚያ መስኮት ቆላው ይታያል፤ በኦጎልቾ በኩል ያለው ሜዳ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የሐይቅ ብልጭታ። ስንጋባ እሱ የተመደበው ኦጎልቾ ነበር። የመጀመሪያ ቤታችን እዚያ ነው፤ አንድ ክፍል፣ ጣሪያው በቀን የሚያቃጥል። «ቤታችን ይታያል» ይለኝ ነበር። አይታይም። ከዚያ ርቀት ቤት አይታይም። ግን በወጣ ቁጥር መስኮቱ ጋ ሄዶ ይቆማል። በመጨረሻው ክረምት አንድም ቀን እስከዚያ መድረስ አልቻለም፤ የሚያየው ከአግዳሚው ወደ ታች፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያለውን የተዘጋውን የሊፍት በር ብቻ ነበር።

የሞተው በመስከረም፣ ጠዋት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ሲያጠልቅ ነው። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ከዚህ በላይ ስለዚያ ጠዋት አልጽፍም፤ አልችልም።

እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ከፍ ብሎ አይቀመጥም። ፍራሽ መሬት ላይ ተዘረጋልኝ፣ እዚያ ላይ ተቀመጥኩ። ሊያጽናኑ የመጡት ማኅበርተኞችም ወንበር ላይ መቀመጥ ከብዷቸው ወደ መሬት ወረዱ። ምክትሉ በዚያ በታመመ ወገባቸው እንዴት እንደተቀመጡ አላውቅም። ሲስተር ብቻ ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ለቅሶው እስኪያልቅ ድረስ «ይቅርታ፣ ከፍ አልኩብሽ» እያሉ አንገታቸውን ደፍተው ዋሉ። ሐጂም መጡ። በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ገብተው ዝቅ ብለው ተቀመጡ፤ ሲያለቅሱም አየኋቸው። ባለቤቴን ይወዱት ነበር። ነገሩን ሁሉ የሚያከብደው ይህ ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ገና ድሮ ተጣልቼ እገላገል ነበር።

አርባው ከወጣ በኋላ ማኅበሩ እኔን በእሱ ቦታ መረጠኝ። «ወንበሩ ከላይ ይጠብቅሻል» አሉኝ ምክትሉ፤ መልካም ነገር የተናገሩ መስሏቸው። ወጣሁ። ማረፊያው ላይ ስደርስ አግዳሚያችን እዚያው ነበር። ተቀመጥኩበት። ትንፋሼ እስኪመለስ ሳይሆን ቁጣዬ እስኪበርድ ነበር የተቀመጥኩት፤ አልበረደም። ይህ ቢሮ ካልወረደ ቀጣዩ ማን እንደሆነ እያሰብኩ ወጣሁ፣ እያሰብኩ ወረድኩ።

ወዲያው ምድር ቤት ያለው የፎቶኮፒ ሱቅ ለቀቀ። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ በሩ ከመንገዱ እኩል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይገባዋል። በሕንፃው ውስጥ ፀሐይ የሚያገኘው ክፍል እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በዚያው ዕለት ሐጂ ጋ ሄድኩ።

«አዴ፣ ምን በደልኩ?» አሉኝ ሳልጨርስ። በኦሮምኛ እመቤት ማለታቸው ነው፤ ሲከፋቸው ነው እንዲህ የሚሉኝ። «ከላይ አንስቼ፣ ፎቶኮፒ ቤት ውስጥ? ባንኩ በላያችሁ ሲረማመድ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው አርፈው ተቀመጡ ይላል፣ ሐጂ።»

«አዛውንቶቹ ራሳቸው ይጠይቁኝ። አስቀይሜያቸው ከሆነ፣ እነሱ ይጠይቁኝ።» ከዚያ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ሞባይል የሚሸጥ ልጅ አለ። ማክሰኞ መጥቶ ሊለካው ነው። እስከዚያ ለማንም አልሰጥም።»

ወደ ማኅበርተኞቹ ሄድኩ። በየቤታቸው ዞርኩ።

«እኛማ ብንወርድ ደስ ባለን» አሉኝ ምክትሉ። «ግን ሐጂ ይቀየማሉ።»

«ሐጂ እናንተ ጠይቁኝ ብለዋል።»

«ይሄውልሽ፣ ተቀይመዋል ማለት ነው።»

ሌላው ደግሞ ባለቤቴን አነሳብኝ። «ጋሼ እኮ አንድም ቀን አልጠየቀም። እሱ ያልጠየቀውን እኛ?» ሄጄ ግድግዳ በጭንቅላቴ ብመታ ደስ ባለኝ። እዚህ ከተማ ሁሉም ሰው አንዱ አንዱን ላለማስቀየም ብሎ ተያይዞ ደረጃ ይወጣል፤ ሐጂ እኛን፣ እኛ ሐጂን፣ ሟቹን ደግሞ ሁላችንም። ሲስተር ጋ ስደርስ ብቻ መልስ አገኘሁ። በር ከፍተው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ የምለውን ሁሉ ሰሙኝ።

«ምድር ቤት ከሆነ በኔ እግር እመጣለሁ» አሉ። «ካልሆነ ግን ስሞት ነው የምንገናኘው። ያኔ እናንተ ትመጣላችሁ፤ የኔ ቤት ደረጃ የለውም።»

ማክሰኞ ጠዋት ከጓዳ ያንኑ የለቅሶውን ፍራሽ አወጣሁ፣ በባጃጅ ጭኜ ፎቁ ጋ ሄድኩ። ጥበቃው «እማማ፣ ሊፍቱ…» ብሎ ሲጀምር ዓይኔን አይቶ ተወው። የፎቶኮፒ ቤቱ በር ክፍት ነበር፤ ሞባይል ሻጩ መጥቶ እንዲለካው ተከፍቷል። ፍራሹን ባዶው ሲሚንቶ ላይ ዘረጋሁ፣ ጥቁር ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የመጡት ምክትሉ ናቸው። ወደ ደረጃው ሲያልፉ አዩኝና ቀጥ አሉ።

«ምነው? ምን ሆነሽ?»

«ምንም አልሆንኩ። ሐዘን ላይ ነኝ። ሐዘንተኛ ከላይ አይቀመጥም። ሙት ዓመቱ እስኪወጣ እኔ መሬት ነኝ። እናንተ ውጡ፣ ተሰብሰቡ።»

ምክትሉ ዕድሜያቸውን በሙሉ ፍርድ ቤት የሰው ቃል ሲመዝኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ጺማቸው ውስጥ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው።

«እትዬ፣ አርባው ከወጣ በኋላ እንዲህ የሚደረገው የየት አገር ሥርዓት ነው?»

«የኔ ቤት።»

ቆም ብለው አሰቡ። ሐዘንተኛ ሴት ባዶ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ትተው አራተኛ ፎቅ ወጥተው ሊቀመጡ አይችሉም። ማንም አይችልም። ጫማቸውን አወለቁና ገብተው ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ የሚቀጥለው መጣ፣ እሱም ቆመ፣ እሱም ገባ። ሁለት ሆነው ሲመጡ ሁለቱም ገቡ። ሲስተር በከዘራቸው እያንኳኩ መጡ፤ ጥበቃው የራሱን ወንበር አምጥቶ ሰጣቸው፤ ያው እንደ ልማዳቸው «ይቅርታ፣ ከፍ አልኩባችሁ» አሉ። ከዓመታት መቅረት በኋላ ነበር የማኅበሩ ስብሰባ ላይ የመጡት፤ መቅረታቸውን ግን ማንም አላነሳባቸውም።

ሐጂ ሞባይል ሻጩን ይዘው ሲደርሱ ክፍሉ ሞልቷል።

«ያ ረቢ! ማን ሞተ?» አሉ ደንግጠው።

«ያው የሞተው ነው፣ ሐጂ።»

ሐጂ ዙሪያውን አዩ። ጥቁሩን አዩ፣ ፍራሹን አዩ፣ በካልሲ የተቀመጡትን አዛውንቶች አዩ።

«በእኛ ባሏ የሞተባት ቤቷ ነው የምትቀመጠው» አሉ በቀስታ።

«በእናንተ ቤቷ ትቀመጣለች፤ በእኛ መሬት ትቀመጣለች። ወደ ላይ ውጪ ካሉኝ እወጣለሁ፣ እርስዎ ይዘዙኝ።»

«አስተግፊሩላህ! እኔ ሐዘንተኛ ከመሬት አንስቼ?»

ሞባይል ሻጩ፣ ጥሩ አስተዳደግ ያለው ልጅ ነው፣ ኮፍያውን አወለቀና «ነፍስ ይማር» አለ። መለኪያውን ኪሱ ከተተ። ወጥቶ ሐጂን ሲጠራቸው ሰማሁት፤ «ለቅሶ የተቀመጡበት ቤት ሱቅ አልከፍትም፣ ሌላ ይፈልጉልኝ» አላቸው።

እስከዚህ ድረስ ያሰብኩት ነበር። ያላሰብኩት ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። ምክትሉ ስለ ባለቤቴ ማውራት ጀመሩ። አርማታ ሲሞላ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሠራተኞቹን «በርቱ!» ይል እንደነበር፤ አንድ ቀን ዝናብ መጥቶ እሱ ብቻ ሳይነሳ ቀርቶ ጃንጥላ ይዘውለት እንደሄዱ። ሲስተር ቀጠሉ። ሐጂም ገብተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ዝቅ ብለው ተቀመጡ፤ «በሚመለከት ሰው ነው የቆመው ይሄ ቤት» አሉ። ያንን ቃል ከእሱ ሰምተውት ይሁን ከራሳቸው አላውቅም። እኔ ግን እዚያ፣ በፎቶኮፒ ቤት ሲሚንቶ ላይ፣ ለሕንፃ ክርክር ብዬ በዘረጋሁት ፍራሽ ላይ፣ በቀብሩ ቀን ያልወጣልኝን ለቅሶ አለቀስኩ። ሰው እያየኝ ነበር። ጸሐፊዋም ፋይሏን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። ማቆም አልቻልኩም፤ በዚህም በጣም ተናደድኩ።

ሐጂ ሲነሱ «እስከ ሙት ዓመቱ» አሉ፣ ውል እንደሚዋዋል ሰው።

«እስከ ሙት ዓመቱ።»

ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። «በላይ ያለው ባንኩ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ባንኩ።»

ተጨነቁ። በሳምንቱ ባንኩ ከእኛ በላይ ባለው ክፍል ውስጥ ወፍራም ምንጣፍ አነጠፈ። ሐጂ በራሳቸው ወጪ ገዝተው ነው ያስነጠፉት። አሁንም ቢሆን በራሳችን ላይ ይረማመዳሉ፤ ግን በቀስታ።

ዕቃው ሲወርድ ቁልፉን ለመመለስ አንድ ጊዜ ብቻ ወጣሁ። ማረፊያው ላይ አግዳሚያችንን ላስወርድ ስል ጠበቃው «እትዬ፣ እሱን ተዉልን» አለኝ። ደንበኞቹ ያርፉበታል፤ ጸሐፊዋ ምሳዋን ትበላበታለች። የእኔ በረንዳ ባዶ ነው፣ የእነሱ ደረጃ አግዳሚ አለው። ተውኩላቸው። ላይ ስደርስ መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ምን ልል እንደነበር አውቃለሁ፤ አይታይም ልለው ነበር። ቆላው ላይ ነጭ ጭጋግ ተኝቶበታል፤ ኦጎልቾም የለ፣ ሐይቅም የለ። ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቼ ያገኘሁት ጭጋግ ነው። ጥቂት ጠበቅኩ። ብርዱ ጉልበቴ ውስጥ ሲገባ ዘግቼ ወረድኩ።

ሙት ዓመቱ እየቀረበ ነው። ማኅበርተኞቹ እያንዳንዳቸው ለብቻ እየጠሩ «ከዚያ በኋላ እንግዲህ ወደ ላይ እንመለሳለን?» ይሉኛል፤ ተመለሱ እንዳልላቸው እየፈሩ። ሐጂም አይጠይቁኝም፤ መልሴን ስለሚያውቁ ሳይሆን ካልጠየቁ ስለማልመልስ ነው። ያለፈው ማክሰኞ ሲስተር ከሁሉም ቀድመው ደርሰው፣ ከበሩ ርቆ ግድግዳው ጋ ያለው ወንበር ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስገባ ሊነሱልኝ ሞከሩ።

«ኖር! ወደ ላይ ነይ፣ እዚህ።»

«ኧረ ይቀመጡ። እዚሁ በሩ ጋ ይበቃኛል።»

«አይሆንም፣ ነይ ወደ ላይ!»

«ሲስተር፣ በሞቴ፣ ከዚያ ወንበር እንዳይነሱ!» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ሲስተር ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ፤ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«እሺ» አሉ። «አልነሳም።»